ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠራው ስልክ

ኦሮራ፣ የካቲት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለማከብርህ ለበድሉ፣

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅህ እየደወለ፣ አንተ ወይም ባለቤትህ "ሃሎ" ስትሉ የሚዘጋው ሰው እኔ ነኝ።

ሰላምታ መቅደም ነበረበት፤ አውቃለሁ። ግን ሰላምታውን ካስቀደምኩ ወደዚህ ሳልደርስ ድፍረቴ ያልቅብኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን ከተነፈስኩ በኋላ የጌታ ሰላም ይብዛልህ ልበልህ። ባለቤትህን ሲናንም እጇን ይዘህ ሰላም በልልኝ። ምናልባት ረስተኸኝ ይሆናል። ሠርካዲስ ነኝ፤ የአክስትህ ልጅ የወልደየስ ባለቤት። ወልደየስ ካረፈ ወዲህ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ባለ አፓርታማ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ዴንቨር አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ፊደል የለየሁት ካደግሁ በኋላ፣ ያውም ራሴን በራሴ አስተምሬ ስለሆነ፣ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ታገሰኝ።

ስለ ስልኩ ልንገርህ። እዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን እናንተ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱቅህ ክፍት ነው። የስልክ ካርዴን ፍቄ ቁጥሩን እመታለሁ። ሲጠራ እሰማለሁ። ስታነሱት እዘጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር፤ መጥራቱን ማወቅ ብቻ። ከጥምቀት ወዲህ ግን አይጠራም። አንዲት ሴት በስዊድንኛ የሆነ ነገር ትናገርና ይቋረጣል። ካርዱ ይሆናል ብዬ ሌላ ካርድ ገዛሁ፤ ያችው ሴት ናት። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ሰው ጠይቄ "ቁጥር ሲሰረዝ እንዲያ ነው የሚሉት" ቢለኝ ቤት እንደገባሁ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሱቁ ተዘጋ እንዴ? እናንተስ ደህና ናችሁ? ቁጥሩ አለ? ለምን እንደምጠይቅ አሁን አትጠይቀኝ። ካለ ግን እባክህ አትቀይረው።

እግዚአብሔር የእጅህን ሥራ ይባርክ።

ሠርካዲስ


ስቶክሆልም፣ የካቲት 28 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሠርካዲስ፣

እንዴት ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እርስዎን እንዴት እረሳለሁ! ሐርቱም እንደደረስኩ ጋሽ ወልደየስ ተቀብለውኝ፣ እርስዎ የራስዎን አልጋ ለቀውልኝ መሬት ላይ ያደሩትን አልረሳሁም።

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሮጬ ለሲና ሰጠኋት። እትዬ፣ ምን እንዳደረጉኝ አያውቁም! ሲና ስታነሳው ይዘጋል፤ እኔም ሳነሳው ይዘጋል። "አንተ ስታነሳው የሚዘጋው እኔ አጠገብህ ስላለሁ ነው" ትለኛለች። "እንግዲህ ማን እንደሆነች አላውቅም" ስላት "ሴት መሆኗን በምን አወቅህ?" አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ትልቁን መቀስ ይዛ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብላ ዋለች። እኔ ጥግ ላይ ሱሪ እያሳጠርኩ እጸልያለሁ። ጠራ። አነሳችና ምንም ሳትል ዝም አለች። እርስዎም ዝም አሉ። ሁለታችሁ እንዲያ ተፋጣችሁ ቆይታችሁ መጨረሻ ላይ እሷ "ድፍረቷ!" ብላ ዘጋችው። ያ ቀን እርስዎ ነበሩ ማለት ነው።

በኋላ ራሷ ስልክ ኩባንያው ጋ ደውላ፣ ቁጥሩን የማያሳይ ሰው እንዳይገባ አስዘጋችው። በካርድ የሚደወል ስልክ ደግሞ ቁጥር አያሳይም። እርስዎ የሚሰሟት ሴትዮ "ቁጥርዎን ሳይደብቁ ይደውሉ" ነው የምትለው። ስለዚህ አይስጉ፤ ቁጥሩ አልሞተም።

ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ሊሞት ነው። ስልክ ኩባንያ ልንቀይር ነው። አዲሱ ኩባንያ ለሱቆች ዋጋው ቀለል ያለ ነው። አሮጌውን ቁጥር እዚያው ትተን በአዲስ ቁጥር ልንጀምር ወስነናል፤ "ያ ቁጥር ቤቴን ሊያፈርስ ነበር" ብላ የወሰነችው ሲና ናት። አሁን ማን እንደነበረ ስታውቅ አልጋ ላይ ወድቃ ሳቀች። ሆኖም ደንበኞቻችን የሚያገኙን በሞባይል ስለሆነ ቁጥሩ ቢቀርም ብዙ አይጎዳንም።

ደግሞም ያ መስመር በእኔ ስም አይደለም። ሱቁን የከፈቱት ጋሽ ተኽለሚካኤል ናቸው። እሳቸው ወደ ዴንቨር ሲሄዱ ሱቁን ለእኔ ሲያስረክቡኝ የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበረኝ ስልኩ በስማቸው ቀረ። በቃል ተስማማን፤ ወረቀቱን የነካው የለም። ፈቃድ ካገኘሁ በኋላም "እየሠራ ያለ ነገር ምን አስነካው" እያልን ተውነው። ቁጥሩን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ ለመሻገር የባለስሙ ፊርማ ያስፈልጋል። እኔና እሳቸው ደግሞ አንነጋገርም።

ለመሆኑ ቁጥሩን ለምን ፈለጉት? ስልክዎን እንኳ አልጻፉልኝም፤ ደውዬ እንዳልጠይቅዎ!

አክባሪዎ በድሉ


ኦሮራ፣ መጋቢት 10 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ በድሉ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በሩ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። "አልሞተም" የሚለውን አንብቤ ተቀመጥኩ፤ "ሊሞት ነው" የሚለውን አንብቤ ተነሳሁ። ለሲና ንገራት፤ ያን ዕለት ያልዘጋሁት ስትተነፍስ ሰምቼ የሰው ትንፋሽ ስለናፈቀኝ ነው። ይቅር ትበለኝ።

ስልኬን ያልጻፍኩልህ በስልክ ሳወራ ስለማለቅስ ነው። ወረቀት ላይ ልቤ ይረጋል።

ታናሽ ወንድሜን ሀብቱን ታስታውሰዋለህ? ሐርቱም ሳለን የስደተኞች ቢሮ ሰዎች አሜሪካ የሚሄዱትን ሊመዘግቡ መጡ። ቤት የነበርነው እኔና ወልደየስ ነን። ሀብቱ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ፖርት ሱዳን ሄዷል። መዝጋቢው "ሌላ ቤተሰብ አለ?" አለ። ወልደየስ እኔን አየኝ። በአካል የሌለ ሰው ስም ካስገባችሁ ጉዳያችሁ ይጓተታል ብለውን ነበር። ዝም አልኩ። ከዚህ ሌላ ያደረግሁት የለም።

በኋላ ሻይ ቤት ደውዬ አስጠራሁትና ልንሄድ መሆኑን ነገርኩት። አልተቆጣም። "ታዲያ የት ብዬ ላግኝሽ?" ብቻ አለኝ። አሜሪካ የት እንደምናርፍ እኔስ መች አወቅሁ? ከቦታው አይነሳም ብዬ የማምነው ቁጥር አንድ ብቻ ነበር፤ የጋሽ ተኽለሚካኤል ሱቅ። በቃሉ እስኪይዘው ደጋግሜ ነገርኩት። ለጥቂት ዓመታት እዚያ እየደወለ መልእክት ይተው ነበር፤ ጋሼም ያቀብሉን ነበር። ከዚያ ጠፋ። ሊቢያ ገባ ያሉ አሉ፤ በረሃ ቀረ ያሉም አሉ። እኔ ከዴንቨር ኦሮራ ቤት ቀየርኩ፤ ስልክ ቀየርኩ፤ ወልደየስ ሞተ። ሀብቱ የሚያውቀው ግን ያንን ቁጥር ነው።

ታዲያ ለምን ደውለሽ ጠይቀሽ አታውቂም ትለኝ ይሆናል። "ሀብቱ ደውሎ ነበር?" ብዬ ብጠይቅህ "አልደወለም" ትለኛለህ። ያንን በየሳምንቱ ከምሰማ ሲጠራ መስማት ይሻለኝ ነበር። እየጠራ እስካለ ድረስ በሩ አልተዘጋም እላለሁ።

ለምኜህ አላውቅም፤ አሁን እለምንሃለሁ። ቁጥሩን ይዘኸው ተሻገር። ጋሽ ተኽለሚካኤልን እኔ አናግራቸዋለሁ፤ ታክሲያቸውን የሚያቆሙት እኛ ሆቴል በር ላይ ነው። አንተ ግን ምን እንዳጣላችሁ ንገረኝ፤ ሳላውቅ ገብቼ እንዳላበላሽ።

ከዚህ ጋር በትንሽ ወረቀት የቤቴን ስልክ ልኬያለሁ። ለአንተ አይደለም። ምናልባት ከደወለ ለእሱ ስጠው። አንተ ጻፍልኝ።

ሠርካዲስ


ስቶክሆልም፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእትዬ ሠርካዲስ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ለአሮጌው ኩባንያ "ውሉን አቋርጡ" ብዬ ጽፌ ነበር። አዲሱ ኩባንያ ሄጄ ቁጥሩን ይዤ መምጣት እፈልጋለሁ ስላቸው፣ እዚያ ያለችው ልጅ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "መጀመሪያ እኛ ጋ ይመጣል፤ እኛ እናሻግረዋለን፤ አሮጌው ከዚያ በኋላ ራሱ ይቋረጣል። ቁጥር የሚሻገረው በሕይወት እያለ ነው" አለችኝ። አሁን ግንቦት ሲያልቅ መስመሩ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ቁጥሩ ወደ ኩባንያው ተመልሶ አንድ ቀን ለማናውቀው ሰው ይሰጣል። ከዚያ በፊት ጋሽ ተኽለሚካኤል የፈረሙበት ውክልና፣ ከመታወቂያቸው ግልባጭ ጋር መግባት አለበት። የውክልናውን ወረቀት አብሬ ልኬልዎታለሁ።

ውሉን አቋርጡ ስል ታዲያ ማን ፈረመ ይሉ ይሆናል። እኔ ነኝ፤ በእሳቸው ስም፤ ለዚህ ስልክ ሁልጊዜ እንደማደርገው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ነውር መስሎኝ አያውቅም ነበር።

ያጣላንን ነገር ግን መጻፍ አቃተኝ። እሳቸው ይንገሩዎት። የሚነግሩዎት ሁሉ እውነት ነው።

በድሉ

እትዬ፣ ሲና ነኝ። ከታች ባዶ ቦታ ሳይ ብዕሩን ነጠቅሁት። "አንድ ጊዜ ደግሞ በስማቸው ልፈርምና ይለቅ" ሲለኝ ነበር፤ "በሰው ስም እየፈረምክ ነው እዚህ የደረስነው" ብዬ ከለከልኩት። ስለ ወንድምዎ ያነበብኩ ዕለት መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ስልኩንስ እኔ ነኝ ያስዘጋሁት። እባክዎ ይፍጠኑ።


ኦሮራ፣ ግንቦት 1 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለበድሉና ለሲና፣

ሰላማችሁ ይብዛ። ሥራ ስጨርስ በአውቶቡስ መመለሱን ትቼ ሆቴሉ በር ላይ ከተሰለፉት ታክሲዎች የጋሽ ተኽለሚካኤልን ለይቼ ከኋላ ገባሁ። የተባባልነውን እንዳለ ልጻፍላችሁ።

"ወዴት ነው?" አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ ሳያዩኝ።

"ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ" አልኩ በአማርኛ።

በመስታወት አዩኝ። "ሠርካዲስ! ታክሲ መሳፈር ጀመርሽ? አሜሪካ አለፈልሽ ማለት ነው!"

"ፊርማ ፈልጌ ነው ጋሼ።"

"የማንን?"

"የእርስዎን።"

"ዋስ ሁን የምትይኝ ከሆነ ጽሕፈት አልችልም፤ መሃይም ነኝ።" አስመራ አማርኛ ትምህርት ቤት ግጥም ያነቡ እንደነበር ሁልጊዜ የሚነግሩን ሰውዬ!

"ስልክ ነው" አልኳቸው። "የስቶክሆልሙ ሱቅ ስልክ።"

ሬዲዮኑን አጠፉ። መብራት ላይ ቆመን ነበር፤ አረንጓዴ በርቶ ከኋላ ጥሩምባ እስኪነፉብን ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

"ያ ልጅ ላከሽ?"

"ራሴን ነው የላክሁት።"

"ስሚ" አሉኝ። "ሚስቴ ኣስካለ ያን ሱቅ ስትጠርግ፣ ስትተኩስ፣ ስትሰፋ ኖራለች። በድሉ ስቶክሆልም ሲገባ በበጋ ሸሚዝ ነው የመጣው፤ የመጀመሪያውን ካፖርት የሰፋችለት እሷ ናት። ሲና ስትመጣም የሠርግ ቀሚሷን የለካችላት እሷ ናት። ሞተች። ከጅዳ ደወሉልኝ። ከሐርቱም ደወሉልኝ። ከማላውቀው አገር የማላውቀው ሰው ደውሎ አልቅሶልኛል። እሱ፣ በእኔ ስም የቆመ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦለት፣ አንሥቶ 'ያጽናዎ' አላለኝም። አሁን ስልኩን ይዞ ሊሄድ ፊርማ?"

የኣስካለ ለቅሶ ላይ እዚያው ቤታቸው ነበርኩ። ስልኩ በጠራ ቁጥር ቀና ሲሉ አይቻለሁ፤ ማንን እንደሚጠብቁ ግን አላወቅሁም ነበር። አንተም "የሚነግሩዎት ሁሉ እውነት ነው" ብለህ ጽፈህልኛል።

"ስለ ሀብቱ ነው ጋሼ" አልኩ። "ሌላ ቁጥር አያውቅም።"

"ሀብቱን አታንሺብኝ!" ብለው መሪውን መቱት። "የሀብቱን መልእክት ማን ነበር የሚቀበለው? እኔ አይደለሁም? አንድ ጊዜ 'ጋሼ፣ ለእህቴ ደህና ነው ይበሏት፣ አሞታል ግን አይበሏት' ብሎኝ እኔ ደህና ነው ብዬሻለሁ። አሁንም ስላነሳሽው ነው የነገርኩሽ።"

ቻምበርስ ሮድ ደረስን። ሞተሩን አላጠፉም። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፊት መቀመጫው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አላነሱትም፤ መልሰውም አልሰጡኝም።

"ይደውል" አሉኝ በመጨረሻ። "አንድ ጊዜ። ስለ ፊርማ እንዳያነሳ። ለቅሶዬን ይድረሰኝ። ከዚያ በኋላ እንኳን ስልኬን ጥርሴንም ነቅሎ ይውሰድ።"

ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ መሆኑን ስለማውቅ ከንፈሬን ነክሼ ወረድኩ። የታክሲውን ሂሳብ ስዘረጋላቸው "ሚተሩን ኦፍ አድርጌዋለሁ፤ ግቢ" ብለውኝ ሄዱ።

በድሉ፣ ቁጥራቸውን ከታች ጽፌልሃለሁ። ለሀብቱ ብለህ አትደውል። ለኣስካለ ደውል።

ሠርካዲስ


ስቶክሆልም፣ ግንቦት 19 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእትዬ ሠርካዲስ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደወልኩ።

ለምን ሳልደውል እንደቀረሁ መጀመሪያ ልንገርዎ። የእትዬ ኣስካለን ሞት የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ አንድ ደንበኛ ነው የነገረኝ። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ወር አለፈ። ከዚያ በኋላ "እስከ ዛሬ የት ነበርክ ቢሉኝስ?" እያልኩ ተውኩት። እያደር ደግሞ ስማቸው ሲነሳ ከሰው መሃል መውጣት ጀመርኩ። ሰው ይህንን ጠብ ብሎ ጠራው፤ እኔም ጠብ ማለቱ ስለቀለለኝ ተቀበልኩት።

ሱቁን ከውስጥ ቆለፍኩ። ሲና አጠገቤ ቆመች።

"ማን ልበል?" አሉኝ።

"በድሉ ነኝ ጋሼ።"

"የትኛው በድሉ?"

"ካፖርት የሰፉለት።"

ከዚያ በኋላ ማልቀስ ብቻ ሆነ። እሳቸው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፤ ሲና ደግሞ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ከሁለታችንም በላይ አለቀሰች። ሲበርድልን "የኣስካለ የልብስ መኪና አለ?" አሉኝ።

"አለ። ማንም አይነካውም፤ ዚፕ የምተክልበት እሱ ነው።"

"ማንም አይነካውም እያልክ ዚፕ ትተክልበታለህ?" ብለው ሳቁ። በሕይወታቸው እንደዚህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ፊርማው አላነሳሁም፤ እሳቸውም አላነሱም። በማግስቱ ሱቅ ስገባ ግን ፋክሱ ወረቀት አውጥቶ መሬት ላይ ጥሎታል። ውክልናው ተፈርሟል። መታወቂያቸው አለ። ጥግ ላይ በእጃቸው "ከእንግዲህ በራስህ ስም ፈርም" ብለውበታል። የዚያኑ ዕለት አዲሱ ኩባንያ ጋ አደረስኩት። ግንቦት 28 ይሻገራል ብለውናል። አሮጌው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ይጸልዩልን።

በድሉ


ስቶክሆልም፣ ሰኔ 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለእትዬ ሠርካዲስ፣

ዛሬ የምጽፈው እኔ ሲና ነኝ። ጌታ ይክበር ይመስገን! ዋናውን ነገር እርስዎ ከእኔ ቀድመው በጆሮዎ ሰምተውታል። ቢሆንም እኛ ዘንድ እንዴት እንደነበረ ካላጫወትኩዎት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰኞ ዕለት ጠዋት ስልኩ ሞተ። በድሉ ገመዱን ይነቅላል፣ ይሰካል፤ አሁንም ይነቅላል። "ተወው፣ እየተሻገረ ነው" እለዋለሁ። በሞባይሌ ወደ ሱቁ ስደውል አይጠራም፤ ያቺ ሴትዮ እንኳ የለችም። ለአዲሱ ኩባንያ ደወልን፤ "ጠብቁ" አሉን። በድሉ ምሳውን አልበላም። የአንዱን ሰውዬ ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሮ ሌላውን ረስቶት፣ ሰውዬው ለክቶት መስታወት ፊት ቆሞ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ነው በድንገት የጮኸው። አዲሱ ኩባንያ ያለችው ልጅ ናት፤ "ደርሷል፣ በእናንተ ስም ነው" አለች። በድሉ ባለ አንድ እግር ሱሪውን ሰውዬ አቅፎ ሳመው።

ሐሙስ ዕለት ብቻዬን ነበርኩ። ጠራ። የስልኩ መስኮት ላይ ቁጥር የለም። እርስዎ ነዎት ብዬ በደስታ "እትዬ ሠርካዲስ! ዛሬ እንኳ አይዝጉብኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ የወንድ ድምፅ፣ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ፣ "ሠርካዲስን ታውቂያታለሽ?" አለኝ።

ስሙን አልጠየቅሁትም። "ሀብቱ!" አልኩት።

"ማን ነሽ አንቺ?"

"ሲና ነኝ፣ አታውቀኝም፣ እንዳትዘጋ!"

"ምን ሆኜ እዘጋለሁ? አሁን ገና አገኘኋችሁ!"

የእርስዎን ቁጥር ሰጥቼው ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። አንዱንም አልሳተም።

አሁን አንድ የከበደኝን ልንገርዎ። እኔ ያስዘጋሁት ነገር የአሮጌው ኩባንያ አገልግሎት ስለነበር ቁጥሩ ሲሻገር እሱ እዚያው ቀረ። ባይሻገር ኖሮ ሀብቱም አይገባም ነበር፤ የሚደውለው በሳተላይት ስልክ ስለሆነ ቁጥር አያሳይም። ለፋሲካ ደውሎ ያቺ ሴትዮ መልሳዋለች። ማን እንደሆኑ ካወቅሁ በኋላም ማስከፈቱን ዘንግቼ፣ እኔ ነኝ የመለስኩት። ይቅር ይበሉኝ።

በሐምሌ ከቤተ ክርስቲያናችን ለክሊኒክ ሥራ ሀብቱ ወዳለበት፣ ወደ ደቡብ ሱዳን ጁባ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። የሚልኩት ነገር ካለ ቀድመው ይላኩልን።

ልጅዎ ሲና


ኦሮራ፣ ሰኔ 25 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጆቼ ለበድሉና ለሲና፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እንቅልፍ ጠግቤ ሰነበትኩ። ሲና፣ ይቅርታ አትጠይቂኝ፤ መጀመሪያ "ሠርካዲስ ነኝ" ብል ኖሮ አንቺም ምንም አታስዘጊም ነበር። ይልቅ ሀብቱ ምን እንዳለኝ ስሙ።

ሊቢያ አልሄደም። አገር ለአገር ሲዞር ኖሮ፣ ሰላም ሲወርድ ጁባ ገብቶ የውሃ ቦቴ ይነዳል። የሚሠራበት ድርጅት የሳተላይት ስልክ አለው። "ያን ሁሉ ዓመት ለምን ጠፋህ?" ስለው "የሆነ ነገር ይዤ ልደውል ስል ቆየሁ፤ ሲቆይ አፈርኩ" አለኝ። በድሉ፣ አንተን መሰለኝ፤ ስለዚህ አልተቆጣሁትም።

ከዚያ እኔ የምፈራው መጣ። "ያን ቀን ስምህን አላስጻፍኩም" አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ወዲያው ሳቅ ሰማሁ።

"እቴቴ፣ መዝጋቢዎቹ እንደሚመጡ አውቄ እኮ ነው ፖርት ሱዳን የሄድኩት።"

"ምን?"

"ስሜ እንዳይጻፍ። አንድ ዓሣ ነጋዴ ቤት አንዲት ልጅ ነበረች። አሜሪካ ከገባሁ እሷን ላጣ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ጆሮዬን ይዘሽ ታስመዘግቢኝ ነበራ!"

እውነቱን ነው። ጆሮውን ይዤ አስመዘግበው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጥዬው የመጣሁት መስሎኝ ስኖር፣ እሱ ከእኔ ተደብቆ ዓሣ ነጋዴ ደጅ ቆሟል! መጀመሪያ ተናደድኩ። "አንተ የማትረባ!" ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ሳቄ መጣ። ስልክ ላይ አለቅሳለሁ ብያችሁ ነበር፤ አላለቀስኩም። ዘግቼ ስጨርስ ትከሻዬ ቀሎኝ፣ ምን ላድርገው ብዬ ቤቱን በሙሉ አጸዳሁት።

ለጋሽ ተኽለሚካኤል ስነግራቸው ታክሲውን ዳር አስያዙ። "ለዓሣ ነጋዴ ልጅ ነው እኔን ያስፈረማችሁኝ?" አሉና ለሚቀጥለው እሑድ ምሳ ጠሩኝ። ኣስካለ ከሞተች ወዲህ ቤታቸው ሰው ጠርተው አያውቁም።

ልጅቷን አግብቷታል። ሓዋ ትባላለች። ስልኩን ተቀብላ በዓረብኛ ሰላም አለችኝ፤ እኔም ያልረሳሁትን ያህል መለስኩላት። ለፋሲካ ያቺ ሴትዮ ስትመልሰው ሀብቱ "ቁጥሩ ሞቷል" ብሎ ትቶት ነበር። "ደግመህ ሞክር፤ እህት ያለው ሰው እንዲህ አይተውም" እያለች የነዘነዘችው እሷ ናት። እሱ "በቃ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልደውልልሽና ተይኝ" ብሎ ነው የደወለው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእናንተን ደብዳቤዎችና የእኔን ረቂቆች አንድ ላይ አስሬ ልኬላችኋለሁ። ጁባ ለሚሄዱት ሰዎች ስጡልኝ። ለሀብቱ ግን እንዳይሰጡት። እሱ ብቻውን አንብቦ ኪሱ ይከተዋል። እሷ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ፣ ጮክ ብሎ በዓረብኛ እየመለሰ ያነብላታል። እያንዳንዱን ቃል በራሱ አፍ ይናገረው።

ፖስታው ላይ በትልቁ እንዲህ ጻፉበት፦ ለወይዘሮ ሓዋ፣ ጁባ።